«ክዳኑን ክፈተው» አትበሉ!

ሰሞኑን አንድ አማተር ሬዲዮ የሚሠራ ወዳጄ ቤት ያየሁት ነው ይህን ያስጻፈኝ። የቲዩብ አምፕሊፋየሩ ክዳን ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፏል። የቤት ቬንትሌተር ወደ ሳጥኑ ይነፋል። ክዳኑ ሲነሣ ኃይል የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ በሽቦ ታልፏል።

«ይሞቅብኛል፤ ክዳኑን ክፈተው አሉኝ» አለኝ።

ማን ነው ያለው? ያው ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣል የሚለን «ባለሙያ» ነዋ!

እዚያ ሳጥን ውስጥ 3,000 ቮልት አለ። ከሶኬት ቢነቀልም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ። 50 ማይክሮፋራድ በ3,000 ቮልት 225 ጁል ነው፤ ሐኪም ምቱ የተዛባን ልብ ለመመለስ ደረት ላይ ከሚሰጠው ንዝረት ጋር ይቀራረባል። ማፍሰሻ ሬዚስተሩ ከተቃጠለ፣ ጠፍቷል ብለህ የነካኸው ዕቃ ይገድልሃል።

«እጄን አላስገባም» ትል ይሆናል። ይሁን። ግን መቼ ቀዘቀዘ? በብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች ፋኑ አየሩን በታሸገ መንገድ በቲዩቡ እግር በኩል ወደ ላይ ይገፋዋል። መንገዱን ስትከፍተው አየሩ በቀላሉ መውጫ ያመልጣል፤ ቲዩቡ ግን እዚያው ይጠበሳል።

የሚሞቅበትን ምክንያት ከፈለግን እግራችን ሥር እንየው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ለጠረፍ የተመጠነ ፋን እዚህ የሚወስደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። መፍትሔው ሩብ ያህል ተጨማሪ አየር የሚገፋ ፋን ነው። ፋኑ መብራት ሲጠፋም እንዳይቆም ከባትሪ ጋር ይያያዝ፤ የጋለ ቲዩብ ድንገት አየር ሲያጣ ይጎዳል።

«መለዋወጫ የት አለ? ዶላርስ?» እውነት ነው። እንግዲያው ነጻውን መፍትሔ እንካችሁ፦ ዝቅተኛ ቮልቴጅ መምረጫ ካለው ወደዚያ አዙራችሁ፣ መልሳችሁ ቃኝታችሁ፣ በግማሽ ኃይል ሥሩ። በሚሰማችሁ ሰው ሜትር ላይ የሚቀንሰው ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው። አጭር ተናገሩ፣ ብዙ አዳምጡ። አቧራውንም ጥረጉ፤ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ቮልቴጁ መፍሰሱን ለክታችሁ።

ለግማሽ ነጥብ ብሎ ሕይወቱን የሚያስይዝ ሰው ጀግና አይደለም። «ክፈተው» ብሎ የመከረው ደግሞ ለቅሶ ቤት ሲመጣ ምን ሊል ነው?

ክዳኑን መልሱት።