ቡናችን በክብደቱ ይታወቅ ወይስ በስሙ?

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሰውን ለመምከር ነው። እኛ ግን ዛሬ በዚህ የእሑድ ገጽ ምሳሌውን ወደ ንግድ መልሰን፥ ይልቁንም ከቡናችን ንግድ ጋር አገናኝተን ልንመለከተው አስበናል። ምክንያቱም በገበያ ውስጥ ከጓደኞቹ የማይለይ ዕቃ ምንም ያህል መልካም ቢሆን ዋጋውን የሚቆርጥለት ሌላ ሰው ነው፤ ተለይቶ የሚታወቅ ዕቃ ግን ስለ ዋጋው ራሱ ይከራከራል።

በ2017 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ 469 ሺህ ቶን ያህል ቡና ወደ ውጭ አገር ልካ 2 ቢሊዮን 650 ሚሊዮን ዶላር ግድም ማግኘቷ ተነግሯል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተላከው 298 ሺህ ቶን ያህል፥ የተገኘውም ገንዘብ 1 ቢሊዮን 430 ሚሊዮን ዶላር ግድም ነበር። ይህ የሚያስደስት እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሒሳብ የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለምና ቁጥሩን አካፍለን እንመልከተው። በ2016 የበጀት ዓመት አንዱ ኪሎ በአማካይ ያስገኘው 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ያህል ሲሆን፥ በ2017 ያስገኘው 5 ዶላር ከ65 ሳንቲም ያህል ነው። ይኸውም የተላከው ክብደት ከግማሽ በላይ ሲጨምር፥ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ግን የጨመረው ከአንድ አምስተኛ ባነሰ ነው ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ በዓለም ገበያ የሆነውን ደግሞ እናስታውስ። የ2016 የበጀት ዓመት ሲጀምር በኒው ዮርክ ገበያ የዓረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ2 ዶላር በታች ነበር፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ግን ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ደረጃ ደርሶ ነበር። እርግጥ ነው፤ ውል የሚፈረምበትና ቡናው የሚጫንበት ጊዜ የተለያየ ስለ ሆነ፥ ከሚላከውም ቡና ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ስለማይጠፋ፥ ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ መፍረድ አይገባም። ሆኖም ከሒሳቡ አንድ ነገር ሳይሸሸግ ይወጣል። በዚያ ዓመት የበለጠ ገቢ ያገኘነው በይበልጥ አብዝተን ስለ ሸጥን ነው እንጂ አሻሽለን ስለ ሸጥን አይደለም። የዓለም ዋጋ የሚወጣውም የሚወርደውም በብራዚል ድርቅና ዝናብ፥ በቬትናምም አዝመራ ምክንያት ነው፤ በክብደቱ ብቻ የሚታወቅ ቡና ከዚሁ ጋር አብሮ ይወጣል፥ አብሮም ይወርዳል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ የቡና መገኛ በሆነች አገር፥ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ሸለቆ ሲሻገሩ ጣዕሙ የሚለወጥ ቡና እያለ፥ ስለ ምን አብዛኛው እንደ ተራ ዕቃ ይሸጣል?

መልሱን ለማግኘት ቡናው ከገበሬው ደጅ ተነሥቶ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ይበቃል። ገበሬው እሸቱን ለቅሞ ለሰብሳቢ ይሰጣል፤ ሰብሳቢው የአሥሩን ቤት ቡና ባንድ ላይ ይቀላቅላል፤ አቅራቢው የብዙ ሰብሳቢዎችን፥ ላኪውም የብዙ አቅራቢዎችን ቡና ያደባልቃል። በየደረጃው ጆንያው ይበዛል፥ ስሙ ግን ይጠፋል። ከወንድሞቹ ሁሉ ተለይቶ የቀላውን ፍሬ ብቻ መርጦ የለቀመው፥ በአልጋ ላይ ዘርግቶ እየገለበጠ፥ ቀትር ላይ እየሸፈነ ያደረቀው ገበሬ ድካሙ በሙሉ አረንጓዴውንና ቀዩን አንድ ላይ አራግፎ ከመጣው ጎረቤቱ ቡና ጋር ይቀላቀላል። ለፈረሱላው የሚከፈላቸውም ዋጋ አንድ ነው። ይህ ሰው በሚመጣው ዓመት እንደ ገና መርጦ ይለቅማል ብሎ ተስፋ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ተራ ቡና ከመሬት አይበቅልም፤ መልካሙን ከክፉው ጋር እኩል የሚከፍል ገበያ ነው ተራ የሚያደርገው።

ለዚህ ጉዳት ሁሉ አንዱን መሥሪያ ቤት ተጠያቂ ማድረግ ቀላል ቢሆንም እውነት አይሆንም። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፥ ቡናም በ2001 ዓ.ም. በዚያው በኩል እንዲገበያይ ከተደረገ በኋላ፥ ሻጩ ገንዘቡን በጊዜው እንዲያገኝና የቀኑ ዋጋ ለሁሉ እንዲታወቅ አድርጓል። ቀድሞ በመተማመን ብቻ ይሠራ በነበረ ንግድ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከመሰሎቹ ጋር ስለሚቀመጥ፥ ገዢው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደ መጣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ የመጣበትን ቦታ አስታውቀው በቀጥታ ለመላክ ፈቃድ የነበራቸው በተለይ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የቡና ግብይት አዋጅ ግን በሩ ሰፋ ብሎ ተከፍቶ፥ ቡናን ለይቶ በቀጥታ ትስስር መሸጥ ተቻለ። ሕጉ በሩን ከፈተ፤ በበሩ የሚገባው ሰው ግን ምን ይዞ ይግባ የሚለው ለእኛ ቀረ።

በዚህ ቦታ ላይ ከአገራችን ወጥታ የከበረች የአንዲት ዘር ታሪክ ልናስታውስ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጌሻ በሚባለው አገር አካባቢ ካለው ጫካ የቡና ዘር ተለቅሞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተወሰደ፤ ከዚያም በኮስታ ሪካ በኩል አድርጎ ፓናማ ገባ። በዚያ የተፈለገው በቅጠል በሽታ ላይ ባለው ብርታት ነበር፤ ፍሬው ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ ገበሬዎች አልወደዱትም። ለብዙ ዓመታትም ከሌላው ቡና ጋር ተደባልቆ ሲለቀምና ሲሸጥ ኖረ። ታሪኩ የተለወጠው ላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ባለቤቶች የየማሳውን ቡና ለየብቻው ለቅመው ለየብቻው በቀመሱ ጊዜ ነው። ከላይኛው ማሳ የመጣው ቡና እንደ አበባ የሚሸት፥ እንደ ብርቱካን የሚጣፍጥ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ውድድር አንደኛ ወጥቶ በጨረታ በፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም ለዚያ ዘመን የሚያስደንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ደግሞ ከዚሁ እርሻ የቀረበ 20 ኪሎ የጌሻ ቡና በኪሎ 30 ሺህ 204 ዶላር ተሸጧል።

አንባቢዎቻችን ከዚህ ታሪክ ቁጭትን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ እንለምናለን። ዘሩ ከእኛ መወሰዱ አንድ ነገር ነው፤ ትምህርቱ ግን ሌላ ነው። ቡናው የካቲት ላይ የነበረው ጣዕም መጋቢት ላይ አልተለወጠም፤ ከመቅመሱ በፊትም ያው ነበር። ክብሩን ያመጡለት ሦስት ተግባሮች ናቸው፤ አለመቀላቀል፥ መቅመስ፥ መመዝገብ። እነዚህም ሦስቱ ከፍተኛ ካፒታል የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት ትዕግሥትና እውነተኛ መዝገብ ነው።

ይህ በእኛም አገር ሊሆን እንደሚችል በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲደረግ ከአንድ ሺህ በላይ ናሙናዎች ቀረቡ። ቀማሾቹ ናሙናው የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ደጋግመው ቀምሰው ነጥብ ሰጡ። አንደኛ የወጣው የሲዳማው ገበሬ የአቶ ንጉሴ ገመዳ ቡና በጨረታ በፓውንድ 185 ዶላር፥ ይኸውም በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ተሸጠ። በዚያው የበጀት ዓመት የአገሪቱ ቡና በአማካይ ያወጣ የነበረው በኪሎ ከ3 ዶላር እምብዛም ያልዘለለ ነበር። ያ ቡና የበቀለበት አፈርና የጠጣው ዝናብ ከአካባቢው ቡና የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ፥ ቡናው ከነባለቤቱ ስም ገዢው ፊት መድረሱ ነው።

ሆኖም ስም ባዶውን አይቆምም፤ ጠባቂ ያስፈልገዋል። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚባሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የገጠመውን ክርክር የምታስታውሱ አላችሁ። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ያቀረበው ተቃውሞ፥ እነዚህ ስሞች ለቡና ዓይነት የሚሰጡ የተለመዱ መጠሪያዎች ናቸውና ለአንድ ባለቤት ሊመዘገቡ አይገባም የሚል ነበር። ክርክሩ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ረገበ። ልብ ብሎ ላስተዋለው ሰው፥ ሙግቱ በሙሉ የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ይህ ስም የሚለይ ነው ወይስ ተራ? በፍርድ ወንበር ፊት የሚለይ ነው ብለን የተከራከርንለትን ስም፥ በመጋዘን ውስጥ ከሌላ ቦታ ቡና ጋር እየቀላቀልን ተራ ካደረግነው፥ ሙግቱን ያሸነፍነው በወረቀት ብቻ ይሆናል። ከሌላ ወረዳ በሌሊት ተጭኖ መጥቶ በይርጋ ጨፌ ስም የሚታሸግ አንድ ጆንያ የሚሰርቀው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ የይርጋ ጨፌን ገበሬ ሁሉ ይሰርቃል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊቀርብብን እንደሚችል እናውቃለን። «በጨረታ የሚሸጠው ጥቂት ጆንያ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠረውን የቡና ገበሬ ቤተሰብ ሊያኖር አይችልም» የሚል ሰው ቢነሣ፥ የተናገረው እውነት ነው። ሁሉም አንደኛ ሊወጣ አይችልም፤ አብዛኛው ቡናም ወደ ፊት በደረጃው መሸጡ የማይቀር ነው። ነገር ግን እኛ የምንለው ሁሉም ቡና በኪሎ 400 ዶላር ይሽጥ አይደለም። የምንለው፥ ቀዩን መርጦ የለቀመ ገበሬ ካልመረጠው ጎረቤቱ በፈረሱላ ጥቂት ብር እንኳ አብልጦ ያግኝ ነው። ይህ ከሆነ ጎረቤቱ ማንም ሳይሰብከው በሚመጣው ዓመት መርጦ ይለቅማል። አንድ ማጠቢያ ጣቢያ በስሙ ከታወቀ በዙሪያው ያሉት መቶ ቤቶች ይታወቃሉ። የአንደኛው ጥቅም ዋጋው ሳይሆን ለሌሎቹ መንገድ ማሳየቱ ነው።

ነገሩ በቡና ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ንግድ የምንጀምር ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው ጎረቤታችን የሠራውን ነው። አንዱ ካፌ ሲከፍት በአጠገቡ ሌላ ካፌ እንከፍታለን፤ ወንበሩ ያው፥ ማኪያቶው ያው፥ ከዚያም የምንወዳደርበት ነገር ስላጣን ዋጋ እንቀንሳለን። ተለይቶ መታየት ማለት በደማቅ ቀለም ሰሌዳ መስቀል የሚመስለው ሰው አለ። ሰሌዳ የሚያየው አላፊ አግዳሚ ነው፤ ሁለተኛ የሚመልሰው ግን በሥራው ውስጥ ያለው ልዩነት ነው።

በመጨረሻም በግብርና፥ በንግድና በጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች ለምትሠሩ ወጣት ሹማምንት አንድ ቃል አለን። የቡናን ስም የሚጠብቀው አምባሳደር ብቻ አይደለም። ይህ ጆንያ ከየትኛው ጣቢያ፥ በየትኛው ቀን፥ ከየትኛው ክምር እንደ መጣ በመዝገብ ላይ የሚጽፈው የወረዳ ሠራተኛ ነው የሚጠብቀው። ያ መስመር ባዶውን ሲታለፍ፥ ወይም ሳይታይ ሲፈረምበት፥ መርጦ የለቀመው ገበሬ ድካም በዚያች ደቂቃ ይጠፋል፤ እርሱም መጥፋቱን አያውቅም፥ ከሳሽም አይሆንም። እርሱ የሚያውቀው በሚመጣው ዓመት የሚከፈለውን ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዕሩ በእጃችን ያለ ሰዎች መስመሩን አይተን እንሙላው፤ ቡናው ጣዕሙን ይዞ ተወልዷልና፥ ከእኛ የሚጠበቀው ስሙን ሳያጣ ወደብ እንዲደርስ ማድረግ ነው።