ስለ ጡረተኞችና ስለ ጦር ጉዳተኞች ዕዳ፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣
በተለይም ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፤

ሰኔ በገባ ቁጥር የገንዘብ ሚኒስትሩ የመጪውን ዓመት የበጀት ረቂቅ ዐዋጅ ይዘው በፊታችሁ ሲቆሙ፣ እናንተም ሐምሌ 1 ቀን ሳይደርስ ድምፃችሁን ልትሰጡ ስትሰናዱ፣ ዕድሜዬን በመንግሥት ሒሳብ ክፍል ስደምርና ስቀንስ የፈጀሁ ሰው ነኝና፣ በረቂቁ ከተጻፈው ይልቅ ከረቂቁ የቀረውን መፈለግ ልማድ ሆኖብኛል። መደበኛ ወጪ፣ ካፒታል ወጪ፣ ለክልሎች የሚሰጥ ድጋፍ፣ የዕዳ ክፍያ እየተባለ በየተራው ሲነበብ፣ መንግሥት ላገለገሉት አረጋውያንና አካላቸውን በጦር ሜዳ ላጎደሉት ወታደሮች በሚመጡት ዘመናት የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚናገር ቁጥር ከእነዚህ ጋር ተሰልፎ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። እኔም የምጽፍላችሁ ስለዚህ ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ በግልጽ መጻፌም ነገሩ በማመልከቻ ወደ መዝገብ ቤት ገብቶ በዚያው የሚያድር የግል አቤቱታ ስላይደለ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ጡረታ ችሮታ አይደለም፤ ምጽዋትም አይደለም፤ ዕዳ ነው። ይህንንም የምለው ከስሜት ተነሥቼ ሳይሆን ከራሱ ከሕጉ ታሪክ ነው። ነገሥታቱ ለሠራዊታቸው በየወሩ ብር የሚቆርጡበት ሥርዓት ገና ባልተዘረጋበት ዘመን፣ የወታደሩ ደመወዝም ጡረታውም መሬት ነበረ፤ ማደሪያ ይሰጠዋል፣ ከገባሩ ላይ ይበላል፣ ሲጠራ ይዘምታል። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአርበኛው፣ ከስደት ለተመለሰው፣ ለወታደሩና ለመንግሥት ሠራተኛው ጋሻ መሬት እየሰጡ ውለታ ሲከፍሉ የቆዩት በዚሁ በአሮጌው መንገድ ነው፤ አንድ ጋሻም ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ስለ ሆነ፣ ላገኘው ሰው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጥሪት ነበረ። ኋላ ግን የመንግሥቱ ሥራ በደመወዝ በሚኖር ሠራተኛ ትከሻ ላይ እየወደቀ ሲሄድ፣ በ1955 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 209 ሲቪሉንም ወታደሩንም በአንድ ሕግ ጥላ ሥር ሰብስቦ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ መንግሥትም ከግምጃ ቤቱ እያዋጡ ለእርጅናና ለሞት ቀን እንዲያስቀምጡ ደነገገ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ነገሩ የንጉሥ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ውል ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ ሲታወጅ ደግሞ፣ ገባሩ የተሸከመውን ቀንበር የሚያውቅ ሰው በዐዋጁ ቢደሰት እንጂ ቢያዝን አልፈርድለትም፤ ነገር ግን ጋሻ መሬቱን በጡረታው ፈንታ ይዞ ያረጀው አርበኛ ከዚያ በኋላ የቀረው የአንገት ሜዳልያው ብቻ መሆኑን ታሪክ ጸሓፊዎቻችን እምብዛም አያነሡትም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ሒሳብ የሚሰለቸው አንባቢ ይታገሠኝ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 714 እንደ ደነገገው፣ የመዋጮው መጠን ደረጃ በደረጃ ከፍ ብሎ ሲቪሉ ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው መንግሥት 11 በመቶ እንዲያዋጡ ሆኗል፤ ስለ ወታደሩና ስለ ፖሊሱ ግን መንግሥት የሚያዋጣው 25 በመቶ ነው። ይህ የ11ና የ25 ልዩነት ብዙ ይናገራል፤ የወታደር ሰውነት ከጸሓፊ ሰውነት ቀድሞ እንደሚደክም፣ ሚስቱም ቀድማ መበለት፣ ልጆቹም ቀድመው እጓለ ማውታ ሊሆኑ እንደሚችሉ ሕግ አውጭው በቁጥር መስክሯልና። ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሰው በሥራው መጨረሻ ሦስት ዓመታት ከተከፈለው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩ 1.65 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያውም 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 30 ዓመት ያገለገለ መምህር የሚደርሰው 55 በመቶ ሲሆን፣ ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልገዋል፤ የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ነውና፣ ይህን ማዕርግ የሚያገኘው በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጥ የቆየ ሰው ብቻ ነው። መምህሩ ቢሞት ለሚስቱ የሚተላለፈው የአበሉ እኩሌታ ነው፤ ይኸውም ባሏ ይበላው ከነበረው ደመወዝ 27.5 በመቶ ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ላይ የኑሮ ውድነት ሲታከልበት የሚሆነውን እናንተ ከእኔ ይልቅ በቅርብ ታዩታላችሁ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ሲሻሻል ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪም ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ማለቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አበል የሚሰላው በሦስት ዓመት አማካይ ነውና፣ ከጭማሪው አስቀድሞ በሰኔ 2017 የወጣው ሰውና፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ማዕርግ፣ ለዚያው ያህል ዘመን አገልግሎ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚወጣው ባልንጀራው፣ እስኪሞቱ ድረስ በሁለት ልዩ ልዩ ዘመን እንደ ኖሩ ሰዎች ይቆጠራሉ። ለቀድሞ ጡረተኞች በየጊዜው ማስተካከያ እንደሚደረግ አልክድም፤ የሚያሳዝነኝ ማስተካከያው ሲመጣ የዕዳ ክፍያ መሆኑ ተረስቶ እንደ በዓል ስጦታ በምስጋና የምንቀበለው መሆኑ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ለብዙ ዓመታት ከጡረታ መዋጮ የተረፈው ገንዘብ በአብዛኛው የተቀመጠው የመንግሥትን የግምጃ ቤት ሰነድ በመግዛት ነበረ፤ የሰነዱም ወለድ የዋጋ ንረቱ በሁለት አኃዝ ሲሮጥ ከኋላው በብዙ ርቆ የቀረ ነበረ። ይህ ማለት መምህሩና ወታደሩ በጉልበታቸው ካገለገሉ በኋላ፣ ያጠራቀሙትን ጥሪት ደግሞ ለዚያው ለአሠሪያቸው በኪሳራ አበደሩ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1267 ፈንዱ የተሻለ ትርፍ ወደሚገኝበት ሥራ እንዲገባ በር መክፈቱ መልካም ነው፤ ሆኖም አስቀድሞ በዋጋ ንረት የተበላው ገንዘብ በበሩ አይመለስም። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ በውጭ አገር ገበያ ለሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የሚከፈለውን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል በቀረች ጊዜ፣ ዓለም ሁሉ ሰማ፤ ቦንዱን የያዙት ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው ለድርድር ተቀመጡ፤ የመንግሥት ባለሥልጣናትም ባሕር ተሻግረው አነጋገሯቸው። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር መነጋገሩ ተገቢ ነው። የምጠይቀው የውስጡ አበዳሪ፣ ማለት በየወሩ መጨረሻ በባንክ ደጃፍ ተሰልፎ የሚቆመው ሽማግሌ፣ ስለ ዕዳው የሚከራከርለት ኮሚቴ ማን ነው ብዬ ነው፤ መልሱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት በጀቱን የምታጸድቁት እናንተ ናችሁ የሚል ይመስለኛል።

እስካሁን የተናገርሁት ደመወዝ ስለ ነበረው ሰው ነው። ጦርነት ግን የሚወስደው ደመወዝተኛውን ብቻ አይደለም፤ ሕጋችንም ዐይኑ የማይደርስበት ስፍራ ይህ ነው። የጡረታ ዐዋጅ ሁሉ የሚጀምረው «ከደመወዙ» ብሎ ነው፤ አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጋው አርበኛ ግን ደመወዝ አልነበረውም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሌ ጦር በገፋ ጊዜ ሦስት መቶ ሺህ የሚያህል ሚሊሺያ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ግንባር ሲጓዝ፣ ከመካከሉ እጅግ የሚበዛው በሬውን ፈትቶ የመጣ ገበሬ ነበረ፤ እግሩን ካራማራ ላይ ጥሎ ለተመለሰ ገበሬ ከምን ደመወዝ ስንት በመቶ ይታሰብለታል? በ1983 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሠራዊት በተበተነ ጊዜም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር ወደየቀዬው ሄደ፤ ከእርሱም ውስጥ በባድመው ጦርነት ዘመን አገር ስትጠራው ዳግመኛ የዘመተ አለ። የክፍሉ መዝገብ በአፈገፈገ ጦር ጓዝ ውስጥ የጠፋበት ሰው «ማስረጃ አምጣ» ሲባል የሚያመጣው ከሰውነቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ ማኅተም የለውም።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያሳፍር የሚያደርገው ባዕድ ሲያስታውስ ማየት ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወደቁ፤ ደቡብ ኮሪያም በቹንቾን ከተማ ሐውልትና የመታሰቢያ አዳራሽ ሠርታላቸዋለች፤ በሕይወት ለተረፉትም እጇን ዘርግታለች። እኛም በሚያዝያ 27 በድል ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ማኖር አልተውንም፤ ጉንጉን ግን አበል አይሆንም።

ያለፈውስ ይለፍ እንበል፤ የትናንቱ ግን ገና በደጃችን ነው። በጥር 2014፣ በሰሜኑ ጦርነት መካከል፣ ይኸው ምክር ቤት 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ፣ ከገንዘቡ አብዛኛው ለአገር መከላከያ የተመደበ ነበረ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሠንጠረዥ አብሮ ሊቀርብ ይገባው ነበር እላለሁ፤ በዚያ ዓመት በ22 ዓመቱ የቆሰለ ወጣት 70 ዓመት ቢኖር እስከ 2062 ድረስ ሊከፈለው ነውና፣ የጥይቱን ዋጋ ያጸደቀ ምክር ቤት የጠባሳውንም ዋጋ አብሮ ማየት አለበት። ይህ የእኔ ፈጠራ ያይደለ የዓለም ልማድ መሆኑን ለማሳየት አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፤ በአሜሪካ ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ የአንድ ወታደር ልጅ፣ አካለ ስንኩል ስለ ነበረች፣ እስከ ሞተችበት እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ በየወሩ 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ይከፈላት ነበር። ጦርነቱ ካበቃ 155 ዓመት ሆኖት ነበር።

በእኛም አገር ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተኩስ ማቆም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ይዞ ተነሥቷል። ለአንድ ሰው በስንብት ዕለት የሚሰጠው ገንዘብ ትራንስፖርትና የጥቂት ወር ቀለብ ቢሆንለት ነው፤ የተቆረጠ እጅ ግን በጥቂት ወር አይበቅልም። በየትኛው ወገን ተሰልፎ ነበር የሚለው ጥያቄ ለፖለቲከኛው ይቆየው፤ እኔ የማውቀው ከሰኔ 2013 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ በትግራይ ባንኮች በተዘጉበት ዘመን፣ ዕድሜ ልካቸውን ለአንድ መንግሥት መዋጮ ሲያዋጡ የነበሩ ጡረተኞች ወርኀዊ አበላቸው ተቋርጦባቸው እንደ ነበረ ነው። በፈንዱ መዝገብ ላይ ስማቸው አልተፋቀም፤ ዕዳውም አብሮ አልተፋቀም። ኦሪት የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ስታዝ፣ ጌታው ከማን ጋር ተጣልቶ እንደ ነበር አትጠይቅም።

የመንግሥት ካዝና ባዶ ነው የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር መሆኑን፣ ከዚያም ውስጥ ለዕዳ የሚሄደው ብዙ መሆኑን፣ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሸክሙ መክበዱን አንብቤአለሁ። ስለዚህ ነገ ጧት የሁሉም አበል በእጥፍ ይደግ ብዬ አልጮህም፤ እንዲህ ያለው ጩኸት ለምርጫ ሰሞን ይሆናል እንጂ ለሒሳብ አይመችም። የምለምነው ከዚህ ያነሰ፣ ነገር ግን የከበደ ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዛሬ በሥራ ላይ ላሉትና ለወጡት ሁሉ ወደፊት የሚከፍለውን በሒሳብ ዐዋቂዎች አስልቶ፣ ቁጥሩ በየዓመቱ ከበጀት ረቂቁ ጋር፣ ከውጭ ዕዳውም ጎን በምክር ቤቱ ይነበብ። ደመወዝ ሳይኖራቸው የዘመቱት፣ አርበኛውና ሚሊሺያው፣ መዝገቡም የጠፋበት ወታደር የሚከፈላቸው ከመምህሩና ከነርሷ መዋጮ ተቀንሶ ሳይሆን ከግምጃ ቤቱ በራሱ የወጪ ርእስ ይመደብ፤ የዘመተው አገሩ ጠርታው ነውና የሚከፍለውም አገሩ ይሁን። የማስረጃውም ሸክም ከስንኩሉ ትከሻ ወርዶ፣ መዝገቡን ሊጠብቅ ይገባው በነበረው መሥሪያ ቤት ላይ ይውደቅ፤ የጓዶቹ ምስክርነትና የሐኪም ወረቀትም እንዲበቃ በደንብ ይጻፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ገንዘብ ይመድባል ሲል፣ «አቅሙ በፈቀደ» የሚለው ቃል መጋረጃ እንዳይሆን ማድረግ የሚቻለው አቅሙ ስንት እንደ ሆነና ዕዳውም ስንት እንደ ሆነ ጎን ለጎን ሲታይ ብቻ ነው።

የምክር ቤቱ ዘመን ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ቋሚ ኮሚቴው ከዚያ አስቀድሞ የአስተዳደሩንና የገንዘብ ሚኒስቴርን ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ጠርቶ፣ ያንን አንድ ቁጥር እንዲጠይቅልን፣ መልሱንም በአደባባይ እንዲያሰማን በትሕትና አመለክታለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
አንድ የመንግሥት ጡረተኛ