ሳያውቁ መሳትና አውቆ ዝም ማለት



የተከበራችሁ ወላጆችና ወጣት አንባቢያን! በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ከልጆች ጨዋታ ይነሳል እንጂ መድረሻው ጨዋታ አይደለም።

መካነ ሰላም ላይ ክረምት ሲገባ ዝናቡና ጉሙ ልጆችን ከሜዳ ያባርራቸዋል። ስለዚህ ከቂርኣት በኋላ በመድረሳው በረንዳ ላይ ገበጣ ይዘው ይቀመጣሉ። ባለፈው ክረምት ትልልቆቹ በመካከላቸው ውድድር አደረጉ። ያስያዙት ገንዘብም ሆነ የሚያገኙት ሽልማት አልነበረም። አሸናፊው የተሸናፊውን ገንዘብ የሚወስድበት ጨዋታ ቁማር ነውና፣ ቁማር ደግሞ በሱረቱል-ማኢዳህ 90ኛ አንቀጽ ከአስካሪ መጠጥ ጋር ተጠቅሶ የተከለከለ ነው። ልጆቹ የተጫወቱት ለስም ብቻ ነበር። ነገር ግን ሰው ለስም ብሎም ያታልላል።

ገበጣው በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ያለው ነው። በየጉድጓዱ 4፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር ይገባል። በመጨረሻው ግጥሚያ አንደኛው ልጅ ጠጠሩን አንድ አንድ እየጣለ ሲሄድ በአንዱ ጉድጓድ ሁለት ጣለ። በዚህም የመጨረሻዋ ጠጠር ለእሱ በሚበጀው ጉድጓድ ላይ አረፈችለት። ባላጋራው «ሁለት ጣልክ! አጭበርባሪ!» ብሎ ጮኸ። ልጁም «አልጣልኩም» አለ። ነገሩ ወደ እኔ መጣ። እኔ አላየሁም ነበርና «ያላየሁትን አልፈርድም፤ ቀጥሉ» አልኳቸው። ጨዋታው ቀጠለ፤ ሁለት የጣለው ልጅ አሸነፈ። ከሳሹ በጓደኞቹ ፊት ውሸታም ተብሎ በዝናብ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ አሸናፊው ብቻውን ወደ እኔ መጣ።

«ኡስታዝ፣ ጠጠሯ ያመለጠችኝ ሳላውቅ ነው። እሱ ሲጮህም አላመንኩትም ነበር። በኋላ ተመልሼ ስቆጥር ግን እውነቱን እንደሆነ ገባኝ።»

«ያኔ ጨዋታው አልቆ ነበር?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አጭበርባሪ ብሎኝ ነበር። ብናገር እውነትም አጭበርባሪ ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን እኔ ተሳሳትኩ የምባል ነኝ ወይስ አታለልክ የምባል?»

ወገኖቼ! ይህ ጥያቄ የገበያተኛውም፣ የተማሪውም፣ የሹሙም ጥያቄ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል-አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ በተሳሳትነው ነገር ኃጢአት እንደሌለብን፣ የምንጠየቀው ልባችን አስቦ በሠራው እንደሆነ አሳውቆናል። ስለዚህ የልጁ እጅ ሁለት ጠጠር በጣለችበት ቅጽበት በእርሱ ላይ ወንጀል አልነበረም። ግን ስህተት የሚቆየው እስኪታወቅ ድረስ ነው። የረመዷንን ጾም አስቡ። ረስቶ የበላ ሰው ጾሙን ይቀጥላል። ጉርሻው በአፉ እንዳለ ጾመኛ መሆኑ ትዝ ያለው ሰው ግን መትፋት አለበት። አውቆ ከዋጠ «ስጀምር ረስቼ ነበር» ማለት አያድነውም። ጉርሻው ያው አንድ ጉርሻ ነው፤ የተለወጠው የሰውዬው እውቀት ነው።

በገበያም እንዲሁ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። ታሪኩን ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ! ዝናቡን ያዘነበው ነጋዴው አይደለም፤ እህሉ መራሱም ጥፋቱ አልነበረም። ጥፋቱ እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነው። የኛም ልጅ ጠጠሯ ስታመልጠው ዝናብ እንዳገኘው እህል ነበር። አውቆ ዝም ባለ ጊዜ ግን እርጥቡን ከታች ደበቀ።

ይህን ልዩነት የዓለም ጨዋታ ሕጎችም ያውቁታል። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባል የካርድ ጨዋታ አለ፤ በብዙ አገሮች ዳኛ ያለበት ውድድር ይደረግበታል። በውድድሩ ደንብ ሳያውቅ የተሳሳተ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ የሚስተካከለውም ይስተካከላል። አታላይ የሚባለው የሚሠራው ነገር ከሕግ ውጭ መሆኑን እያወቀ ጥቅም ለማግኘት ያደረገው ነው፤ እርሱ ከውድድሩ ይባረራል። ከጥቂት ጉዳዮች በቀር፣ ባላጋራው ሕግ ሲጥስ አይቶ ለራሱ ጥቅም ሆን ብሎ ዝም ያለ ተጫዋችም እንደ አታላይ ይቆጠራል።

ታዲያ «ሳላውቅ ነው» ያለ ሁሉ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል ማለት ነውን? አይደለም። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በቪየና ማራቶን የኛው አገር ሯጭ ደራራ ሁሪሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ገባ። ወዲያው ጫማው ተለካ። የሚፈቀደው የሶል ውፍረት 4 ሴንቲሜትር ሲሆን የእርሱ 5 ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ ተሰርዞ ድሉ በ3 ሰከንድ ለተቀደመው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። ዳኞቹ የለኩት ሶሉን ነው፤ ልብን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። እኛም ማንንም አታላይ ለማለት መብት የለንም። ውጤቱ ግን መስተካከል ነበረበት። በሱረቱ-ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ ምእመንን በስህተት የገደለ እንኳ ለሟች ቤተሰብ ካሣ እንዲከፍል ታዟል። ስህተት ከወንጀል ያድናል እንጂ የሌላውን ሐቅ አይሰርዝም።

ከሳሹስ? እርሱም እውነት ይዞ አጠፋ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን አራት ረከዓ የሆነውን ሶላት በሁለት ረከዓ አሰላመቱ። ዙልየደይን የሚባለው ሰሓባ ሶላቱ አጥሮ እንደሆነ ወይም ረስተው እንደሆነ በአደብ ጠየቃቸው። እርሳቸውም አልተቆጡም። ሌሎቹን ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ የጎደለውን ሞልተው የመርሳት ሱጁድ ወረዱ። ዙልየደይን ጠየቀ፤ የኛ ልጅ ግን ፈረደ። «ሁለት ጣልክ መሰለኝ፣ እንቁጠር» ቢል ኖሮ ያኛው ለማመን ባልከበደው ነበር። «አጭበርባሪ» የሚለው ቃል የመመለሻውን በር ዘጋበት።

እኔም አጥፍቻለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተገኙትን ሰዎች ጠየቁ። እኔ ግን በዙሪያው የተቀመጡትን ልጆች አንድም ሳልጠይቅ «ቀጥሉ» አልኩ።

ለልጁ የመለስኩለት ይህን ነው፦ «ስትጥላት ተሳስተሃል፤ ስታውቅ ዝም በማለትህ አታለሃል፤ ዛሬ ማታ በመምጣትህ ደግሞ መመለስ ጀምረሃል። የቀረህ ሐቁን ለባለቤቱ ማድረስ ነው። ውሸታም የተባለው በሰው ፊት ነውና ስሙም መመለስ ያለበት በሰው ፊት ነው።»

በማግስቱ በዚያው በረንዳ፣ በእነዚያው ልጆች ፊት ተናገረ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሳሹም «አጭበርባሪ ማለት አልነበረብኝም» ብሎ ዐውፍ ጠየቀው። እኔም ሳልጠይቅ በመፍረዴ ሁለቱን ዐውፍ በሉኝ አልኩ። ጨዋታው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ የተናገረው ልጅ ተሸነፈ። ጥቂት ቢያኮርፍም ለዐስር ሶላት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ስህተቱን ሲነግራችሁ መጀመሪያ የሚያገኘው ዱላ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እርጥቡን ከታች ማድረግን ይማራል። ወጣቶች ሆይ! ነጋዴው መልስ አብዝቶ ቢሰጣችሁ፣ መምህሩ ያላገኛችሁትን ነጥብ ቢደምርላችሁ፣ ስህተቱ የእርሱ ነው። ካወቃችሁ በኋላ ያለው ዝምታ ግን የእናንተ ነው።

አላህ ስህተታችንን ሲያሳውቀን ከመናገር የማናፍር ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።