ማን መሆናችንን ለማን አደራ ሰጠን?

ባለፈው ዓመት ከመመረቂያ ፕሮጀክቶች አንዱ ሲቀርብ ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጠን እንመለከት ነበር። ጓደኞቻችን ያዘጋጁት የተማሪዎችን ውጤት በኢንተርኔት የሚያሳይ ፕሮግራም መልኩ ያማረ፣ አሠራሩም ፈጣን ነበርና ተጨበጨበለት። ከመካከላችን አንዱ ግን ፈቃድ ጠይቆ በራሱ ስም ከገባ በኋላ በአድራሻው መጨረሻ ላይ የነበረውን ቁጥር በአንድ ጨመረው። ወዲያው የሌላ ተማሪ ውጤት ከነስሟ በግድግዳው ላይ ታየ። ባለ ውጤቷ በዚያው አዳራሽ ነበረች። ሰዉ ሳቀ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም።

ይህን የምናነሣው ጓደኞቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። እኛም ብንሆን ያንኑ ስሕተት በሠራን ነበር፤ ያስተማረን የለምና። ነገር ግን ዛሬ በክፍል ውስጥ የምንሠራው ፕሮግራም ነገ በሆስፒታል፣ በባንክና በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚሠራበት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ፕሮጀክት ማርክ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ከመሠረቱ እንነሣ። ማንኛውም ሰው የሚገባበት ፕሮግራም ሁለት ጥያቄ መጠየቅ አለበት። አንደኛው «ማን ነህ?» ሲሆን፣ ሁለተኛው «ምን ተፈቅዶልሃል?» የሚል ነው። በግቢያችን በር ላይ ዘበኛው መታወቂያችንን አይቶ ያስገባናል፤ ይሁን እንጂ በበሩ ስለ ገባን ብቻ የሬጅስትራሩን ቁም ሣጥን ከፍተን የሌላውን ፋይል እንድናነብ የሚፈቅድልን የለም። ያ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቆ ሁለተኛውን ረስቶ ነበር። በዓለም ላይም ይህ ብርቅ ጉድለት አይደለም፤ ኦዋስፕ የተባለው ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የድር ፕሮግራሞች አደጋ ዝርዝር በአንደኛነት ያስቀመጠው ይህንኑ የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት ነው።

የመጀመሪያውም ጥያቄ ቢሆን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ሮክዩ ከተባለው ኩባንያ 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃል ሲሰረቅ፣ ሁሉም እንደ ተጻፈ ሳይመሰጠር የተቀመጠ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሊንክድኢን የወጣው የይለፍ ቃል በሻ-1 ሃሽ ተደርጎ ቢቀመጥም፣ ባለሙያዎች «ጨው» የሚሉት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚጨመረው የተለየ ቅንጣት አልነበረውምና በብዛት ተፈታ። ከእኛ መካከል ግን ዛሬም ኤምዲ5ን «ምስጢር መጠበቂያ» እያለ የሚጠቀም አለ። ኤምዲ5 የተሠራው ፈጣን እንዲሆን ነው፤ ፍጥነቱም የሚጠቅመው ለሌባው ነው። ለይለፍ ቃል የሚያስፈልገው ሆን ተብሎ የዘገየ ስሌት ነው። ቢክሪፕት በ1999 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ተብሎ ቀርቧል።

ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ተማሪ እንደ አዲስ ይጻፈው ማለት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። በጃቫ ለሚሠራ ስፕሪንግ ሴኩሪቲ አለ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. አሴጂ በሚል ስም ተጀምሮ እስከ ዛሬ በብዙ ሰዎች ዓይን ሲመረመር የኖረ ነው። በፓይተን ለሚሠራም ጃንጎ የተጠቃሚን መለያ፣ የይለፍ ቃልና ፈቃድ አብሮ ይዞ ይመጣል። ስፕሪንግ ሴኩሪቲ በስፕሪንግ ቡት ውስጥ ሲገባ ገና ከመጀመሪያው በሩን ሁሉ ይዘጋል፤ የሚከፈተውን ለይቶ መክፈት የእኛ ፈንታ ነው። እኛ ግን 403 የሚል መልስ ሲገጥመን ምክንያቱን ሳንመረምር ጥበቃውን በሞላ አጥፍተን «ሠራልኝ!» እንላለን። ይህ ዘበኛውን አባርሮ በሩ ተከፈተልኝ እንደ ማለት ነው።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ «ራሱ ያልሠራ ተማሪ አይማርም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በላቦራቶሪ ራሳችን እንሥራው፣ እንስበረው፣ እንደገናም እንሥራው። ነገር ግን የኬሚስትሪ ተማሪ በመጀመሪያ ሙከራው የቀመመውን መድኃኒት ለሕሙማን አይሰጥም።

በሌላ በኩል ፍሬምወርኩ እኛን አያውቀንም። የጃንጎ መደበኛ ተጠቃሚ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉት። እኛ ግን ስማችን ከአባትና ከአያት ስም ጋር ነው እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። ኃይሉ የሚባል ሰው አንድ ጊዜ በ«ኃ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ሀ» ቢጻፍ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ነው፤ የአንዱ ውጤትም ሁለት ቦታ ይበተናል። ደግሞም አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ቢክሪፕት ከ72 ባይት በላይ ስለማይመለከት፣ በፊደላችን የተጻፈ የይለፍ ቃል ከ24 ፊደል በኋላ ያለው ወይ ይቆረጣል፣ ወይ አይቀበሉትም። ይህን የሚያስብልን የውጭ አገር ሰው የለም። ቁልፉን ከባለሙያ እንውሰድ፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ መወሰን ግን የእኛ ሥራ ነው። የጃንጎ ጸሐፊዎችም ቢሆኑ የራሳችንን የተጠቃሚ ሞዴል ገና ሥራውን ስንጀምር እንድናበጅ ይመክራሉ፤ ኋላ መለወጡ አስቸጋሪ ነውና።

ጊዜውም ይህን ግድ ይላል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ እየተጠየቀ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተከትሎ ጸድቋል። አዋጁ ወጥቶ ፕሮግራም ጸሐፊው ካልሠለጠነ፣ ጥበቃው በወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ለክፍሉ መምህራንና ለጓደኞቻችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የይለፍ ቃልን እንዳለ ወይም በኤምዲ5 የሚያስቀምጥ ፕሮጀክት ለፈተና አይቅረብ። ሁለተኛ፣ ፈታኙ በአንድ ተማሪ ስም ገብቶ የሌላውን ፋይል ለማየት ይሞክር፤ ከታየ ፕሮጀክቱ ተመልሶ ይታረም። ሦስተኛ፣ የእውነተኛ ተማሪ ስምና ውጤት ለማሳያ አይዋል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳንባል አሁን እንነጋገር። ሐሳባችንን የሚቃወም ወገን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ በደስታ እናነበዋለን። ያቺ ተማሪ ግን ማንም ሳይጠይቃት ውጤቷ በሰው ሁሉ ፊት መነበቡን፣ እኛም ከሳቁት መካከል መሆናችንን አንርሳ።