በአይጥ የሚሞከር መድኃኒት፦ ገዢው ማን ነው?

የበዓል በግ ከበዓሉ ማግስት ገበያ ቢደርስ ስንት እንደሚያወጣ ነጋዴ አያጣውም። በጉ ያው በግ ነው፤ ቀኑ ግን አልፏል። በአሜሪካ የካንሰር ሕክምና ገበያ ላይ የወጣ አንድ አገልግሎትም ይህንኑ ያስታውሰናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሕመምተኛው ዕጢ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና የሰውነት መከላከያ በሌላት የላቦራቶሪ አይጥ ቆዳ ሥር ይተከላል። ዕጢው ሲያድግ ተቆርሶ ወደ ሌሎች አይጦች ይባዛል። ከዚያ ለአንዱ ቡድን አንድ መድኃኒት፣ ለሌላው ቡድን ሌላ ይሰጣል። ዕጢውን ያከሰመው መድኃኒት ለሰውየው ይታዘዛል። ሕመምተኛው መራራውን ሁሉ ከሚቀምስ አይጧ ትቅመስለት ነው ሐሳቡ።

ሐሳቡ ባዶ አይደለም። በ2011 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በወጣ ጥናት የ14 ሕመምተኞች ዕጢ በአይጥ ላይ አድጎ 63 መድኃኒቶች በ232 ዓይነት አሰጣጥ ተሞክረዋል። ለ12ቱ ሕመምተኞች የሚሠራ ሕክምና ተገኘ። ከእነሱ አንዱ ሕክምናው ሳይጀመርለት ሞተ። ለቀሩት 11 ከተሰጡት 17 ሕክምናዎች 15ቱ ዕጢውን በከፊል አሳንሰው ለተወሰነ ጊዜ ይዘውታል።

ይህን የሰማ ባለሀብት «አክሲዮኑ የት ይሸጣል?» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን ሳይደርስለት የሞተውን ሰው ያስብ። አይጧ መልስ እስክትሰጥ ወራት ያልፋሉ። የሁሉም ሰው ዕጢ አይጥ ላይ አይበቅልም። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዕጢው በአይጥ ውስጥ በቆየ ቁጥር ጠባዩን እየለወጠ እንደሚሄድ አሳይቷል። በዚያ ላይ መከላከያ የሌላት አይጥ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሱትን መድኃኒቶች ልትፈትን አትችልም።

ገበያውም ፍርዱን ሰጥቷል። ቀደም ሲል አገልግሎቱን ለግለሰብ ሕመምተኞች ይሸጥ የነበረው፣ በናስዳቅ የተመዘገበው ሻምፒየንስ ኦንኮሎጂ ዛሬ ዋናውን ገቢ የሚያገኘው ከመድኃኒት ኩባንያዎች ነው። ኩባንያ አንድ መድኃኒት ለማውጣት ዓመታት ስለሚጠብቅ ጥቂት ወራት አያስጨንቁትም። አንዱ ዕጢ አልበቅል ቢለው ከሌላው ይማራል። ሕመምተኛ ግን ያለው የራሱ ዕጢ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለኩባንያ የሚሸጠው ሥራ ጤናማ ንግድ ነው እንላለን። ለሕመምተኛ የሚሸጥ ግን ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስፍር፦ ከመቶ ስንቱ ዕጢ እንደሚበቅል፣ መልሱ በስንት ወር እንደሚደርስ፣ ሕመምተኛው ቀድሞ ቢሞት ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ቤቱን ሸጦ ለሕክምና ውጭ አገር የሚሄድ ወገን በከተማችን አለ፤ እንዲህ ያለ ተስፋም ሊቀርብለት ይችላል። የታመመ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ውሉን አብሮት የሚያነብ ነጋዴ ወዳጅ ያስፈልገዋል።