ጀግንነት ደንብ አይሆንም!

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይላል ያገሬ ሰው። ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማው ዜና ይህንን ተረት ያስታውሰኛል። ልጅ ውሃ ገባ፤ ጠላቂ ዋናተኞች ተጠሩ፤ አስከሬኑ ወጣ፤ ለፖሊስ ተሰጠ። አለቀ! በማግስቱ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ልጅ፣ ያው ዜና። የሚቀየረው የሰፈሩ ስም ብቻ ነው። እኛም ከንፈራችንን መጠን ወደ ጉዳያችን!

እኔ የምኖረው ጉርድ ሾላ ነው። በአንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤቴ ሳቀና ሰው ወደ አንድ የቆርቆሮ አጥር ሲጎርፍ አየሁና ተከተልኩ። ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ነው። የማን እንደሆነ ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ጉድጓድ በከተማችን ሞልቷል። ዝናቡ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶታል። ኳስ ሊያወጣ የገባ ልጅ አልወጣም።

አንዱ ስልክ ይደውላል፣ ሌላው ይጮሃል፣ እናት መሬት ላይ ትንከባለላለች። በዚህ መሀል መኪና በማጠብ የሚተዳደር አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ሸሚዙን አውልቆ ወገቡን በገመድ አሰረና ገባ። ገመዱን የያዙት ጓደኞቹ ናቸው። አንዱ “ሳብ!” ይላል፣ ሌላው “ልቀቅ!” ይላል። እሱን ራሱን የሆነ ነገር ቢይዘው ማን ገብቶ ያወጣዋል? ማንም! ሦስት ጊዜ ገብቶ በአራተኛው ልጁን አቅፎ ወጣ። ግን አልፎ ነበር። ጎረምሳው ጥግ ይዞ በሃይላንድ ውሃ ፊቱን ሲታጠብ ተጠጋሁና “ወንድሜ፣ ታች ምን ይታያል?” አልኩት። “ምንም። በእጄ ነው የማየው” አለኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ሰፈርተኛው “ጀግና!” ብሎ አጨበጨበለት። ይገባዋል። ግን ለመሆኑ ጀግንነት በደንብና በሥልጠና ምትክ የሚቆመው እስከ መቼ ነው? እኔ የምለው ይህንኑ ነው፤ ሌላ የለኝም።

የነፍስ አድን ጠላቂ ብቻውን ውሃ አይገባም። በሙያው ዓለም ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይጠልቃል። ሁለተኛው ገመድ ይይዛል፤ አንድ ሳብታ ምን፣ ሁለት ሳብታ ምን ማለት እንደሆነ የተማረ ሰው ነው እንጂ መንገደኛ አይደለም። ሦስተኛው ዕቃውን ለብሶ፣ የአየር ሲሊንደሩን ተሸክሞ ዳር ላይ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ቢጠፋ የሚገባው እሱ ነው። ውሃው እንደ አቃቂ ወንዞች የፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ የተቀላቀለበት ከሆነማ ጠላቂው ውሃ የማያስገባ ልብስና ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭንብል ይለብሳል፤ ሲወጣም በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። የቲታነስና የጉበት በሽታ ክትባት ሊኖረውም ይገባል።

ሌላም አለ፤ የኛ አገር ጣጣ! የመጥለቅ ሰንጠረዦች የተሠሩት በባሕር ጠረፍ ልክ ነው። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ማስተካከያ ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። በባሕር ከ10 ሜትር ጥልቀት የሚወጣ ሰው የሚያርፍበት ግፊት በግማሽ ሲቀንስ፣ እዚህ ግን ከግማሽም በታች ይወርዳል። በደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ የሚሠራው ያኔ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። እዚያ በጥልቅ ሰጥሞ የወጣ ጠላቂ ወዲያው መኪና ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ 400 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ይህም አደጋ ነው። ካገር ውጭ የታተመ መጽሐፍ እንዳለ ገልብጦ ማስተማር አይበቃም ማለት ነው።

“እኛ ለሞተው አዘንን፤ አንተ ደግሞ ስለ ጠላቂው ትጨነቃለህ” የሚለኝ አይጠፋም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ታይላንድ ውስጥ 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው ጎርፍ በሞላው ዋሻ ሲታገቱ፣ ሳማን ኩናን የሚባል የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ የአየር ሲሊንደር አድርሶ ሲመለስ ሞተ። የሠለጠነው እንዲህ ከሆነ በገመድ የታሰረው የኛ ጎረምሳ ምን ይውጠዋል? በኛ ዘንድ ደግሞ ሟች አፈር ካልቀመሰ ቤተሰብ አይረጋም። እናት እያለቀሰች “ግባልኝ!” ስትል እምቢ የሚል አንጀት ማን አለው? ስለዚህ ነው ደንቡ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት። ሕይወት ለማዳን የሚሮጥበት ሰዓት ሌላ፣ አስከሬን በጥንቃቄ የሚፈለግበት ሰዓት ሌላ ነው። ይህንን የሚወስነው የለቅሶው ብርታት ሳይሆን ደንቡ ይሁን።

ሕይወት ማዳኑ ግን በደቂቃዎች ያልቃል። አንጎል አየር ሲያጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጉዳት ይጀምራል። የከተማው እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ሲጠራ፣ መኪናው ቢበር እንኳ የጉርድ ሾላን የከሰዓት መንገድ በ6 ደቂቃ አይሰነጥቀውም! ስለዚህ የመጀመሪያው አዳኝ ምንጊዜም ጎረቤት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው አውሮፕላናችን ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ 175 ሰዎች ነበሩበት፤ 50ዎቹ ተረፉ። ቀድመው የደረሱት የደሴቲቱ ነዋሪዎች፣ ለመዝናናት የሄዱ ጠላቂዎችና ሐኪሞች ነበሩ። የሚያውቅ ሰው ቅርብ ተገኘ!

“ገንዘብ የለም” እንዳይሉን! ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ስንት ፏፏቴ ተተከለ? በወዳጅነት ፓርክ ውሃ በሙዚቃ ሲደንስ አይተናል። ለሚደንስ ውሃ ገንዘብ ከተገኘ፣ ሰው ለሚበላ ውሃ እንዴት ይታጣል? በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይል እንደገና ይቋቋማል ተብለናል፤ ታዲያ እዚያ የሚሠለጥነው ጠላቂ ለከተማው ጠላቂ ቢያስተምር ምን ይጎድልበታል?

ጥያቄዎቻችን አራት ናቸው። የጠላቂዎች የደህንነት ደንብ ተጽፎ በአደባባይ ይውጣ። ለጠላቂዎቹ ለከፍታችን የተስተካከለ ሥልጠና፣ የተሟላ መሣሪያና የሕይወት መድን ይሰጣቸው። በየወረዳው ጎረምሶች ውሃ ሳይገቡ ገመድና ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን መወርወርን፣ የወጣውንም በትንፋሽና በደረት ግፊት ማንቃትን ይማሩ። ጉድጓድ ቆፍሮ የተወ ደግሞ ይድፈን፣ ካልሆነም ይጠር፤ እምቢ ካለ በሕግ ይጠየቅ።

የተባበሩት መንግሥታት ሐምሌ 18ን የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ብሎታል። እኛ ጋ ቀኑ የሚውለው በዝናቡ መሀል፣ ጉድጓዶቹ ሲሞሉ ነው። በዚያ ቀን የሻማ ማብራትና የንግግር ጋጋታ አንፈልግም። ገመድ፣ ሥልጠናና ደንብ ስጡን! ያ ጎረምሳ ዛሬም ጉርድ ሾላ መኪና ያጥባል። በሚቀጥለው ክረምት ልጅ ቢገባ እንደገና ሸሚዙን እንደሚያወልቅ አውቃለሁ። የምፈራው ያንን ቀን ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!