ጠላው የተበላሸው በጠማቂዋ እጅ አይደለም

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣

ለፍልሰታ ጾም መፍቻ ያስጠመቅነው ሁለት ጋን ጠላ ኮምጥጦ መደፋቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወዲያው «የሴትየዋ እጅ ነው» ተባለ፤ እኛም በኮሚቴ ተቀምጠን ከድካም ዋጋዋ ግማሹን ያዝንባት። አሁን ነገሩን መርምረን ስናየው ግን ጥፋቱ የራሳችን ሆኖ አግኝተነዋል።

ድፍድፉን ያስቀመጥንላት በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነበር። ጠላን የሚያፈላው እርሾ ነው፤ እርሾ ደግሞ ነፍስ ያለው ነገር ስለሆነ ብርድ ሲይዘው ይተኛል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደህና አድርጎ ይሠራል፤ የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ግን ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ጋኑ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ሲል እኛው (ማን እንዳዘዘ ይቅር) እንጀራ ከሚጋገርበት ምድጃ ጎን አስጠጋነው። ይሄ ደግሞ ባሰ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የሚያኮመጥጡት ተሐዋስያን ያይላሉ። ፈላ አልፈላ እያልን አፉን ደጋግመን ስንከፍትም ነፋስ አስገባንበት፤ እሱም ለማኮምጠጥ ይረዳቸዋል። ሴትየዋ «ተዉ፣ አይሆንም» ብላን ነበር፣ ማን ሰምቷት!

ስለዚህ የተያዘባት ገንዘብ በመጪው ስብሰባ እንዲመለስላት፣ የመስቀሉንም ጠላ እሷው እንድትጠምቅ እንጠይቃለን። ጋኑ ጭድ ላይ ይቀመጥ፣ በጆንያ ይጠቅለል፣ ከምድጃ ይራቅ፤ ብርዱ ገና ስላለ ከወትሮው ጥቂት ቀን ቀድሞ ይጠንሰስ። ትርፍ ጆንያ ያላችሁ እስከ እሑድ ድረስ ዕቃ ቤት አስረክቡን።